ለጀማሪ ተማሪዎች የጻፉት የፊዚክስ መምህር ፍራንሲስ ሲርስ

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የስሙን የመጀመሪያ ክፍል ያገኘው ቀደም ባለው ዘመን ንፋስ ስልክ ይባል ከነበረው ገመድ አልባ መገናኛ ነው። መልእክት ያለ ሽቦ የሚጓዝበትን የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሚያስረዱት መጻሕፍት አንዱ፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም በዋቢነት የሚያገለግለው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያ ደራሲዎቹ አንዱ አሜሪካዊው ፍራንሲስ ዌስተን ሲርስ ነበሩ።

ሲርስ እ.ኤ.አ በ1898 በማሳቹሴትስ ግዛት ፕሊማውዝ ከተማ ተወለዱ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1932 ከሆላንዳዊው ሊቅ ፒተር ዴባይ ጋር ባካሄዱት ሙከራ የሰው ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ የብርሃንን ጉዞ እንደሚከፋፍል አሳይተዋል። ሞገዱ ፈሳሹን በየመስመሩ እያጠበቀና እያላላ ለብርሃን እንደ ረቂቅ ፍርግርግ ያደርገዋል። ክስተቱ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

በምርምሩ መግፋት ይችሉ ነበር። ሆኖም ብዙ ተመራማሪዎች ለሌላ ሰው ለሚተዉት ሥራ፣ ማለትም ለጀማሪዎች ለማስተማርና ለመጻፍ፣ ጉልበታቸውን ሰጡ። በ1942 ሜካኒክስ የተሰኘው መጽሐፋቸው የአዲሰን ዌስሊ አሳታሚ ድርጅት የመጀመሪያ ሥራ ሆኖ ወጣ። ከዚያም ከኒውዮርኩ መምህር ማርክ ዜማንስኪ ጋር ካልኩለስ ላልተማሩ ኮሌጅ ፊዚክስን፣ ካልኩለስን ጎን ለጎን ለሚማሩ ደግሞ በ1949 ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን አዘጋጁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በተከታዩ ዓመት፣ በ1943 ዓ.ም ነው።

መጽሐፉ ሕጉን ካብራራ በኋላ የተሠራ ምሳሌ ይሰጣል፤ ቀጥሎም ተማሪው ራሱ የሚፈታቸውን ጥያቄዎች ያቀርባል። ጥያቄዎቹ ቀላል አይደሉም፤ ሌሊት የደከመባቸው ሁሉ ያውቃቸዋል። ቀመር መሸምደድ ብቻውን አያስኬድም፤ በአንድ አካል ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ለይቶ መሳል ያልቻለ ተማሪ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አያልፍም።

ሲርስ በ1956 ወደ ዳርትመዝ ኮሌጅ ተዛወሩ። የአሜሪካ የፊዚክስ መምህራን ማኅበር የሚሰጠውን የኧርስተድ ሜዳሊያም እንደ ዜማንስኪ ሁሉ ተሸልመዋል። በ1975 በ77 ዓመታቸው አረፉ፤ ዜማንስኪም ከስድስት ዓመት በኋላ ተከተሏቸው። መጽሐፉን በመጀመሪያ ሂዩ ያንግ፣ በኋላም ሮጀር ፍሪድማን እያሻሻሉ አስቀጥለውታል። ከኋለኞቹ እትሞች በብዙዎቹ ሽፋን ላይ የሲርስና የዜማንስኪ ስም ከርእሱ በላይ ይነበባል።