ቅድስት ማርያም ዘሥጋዌ፦ በኬቤክ የኡርሱላውያን ደናግል እናት

በፈረንሳይ አገር በቱር ከተማ ጃንዋሪ 25 ቀን 1631 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት የ31 ዓመት መበለት ቤቷን ትታ ወደ ኡርሱላውያን ደናግል ገዳም ስትገባ፣ የ11 ዓመት ልጇ ክሎድ እያለቀሰ ተከተላት። ከዚያም በኋላ ልጁ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን አስከትሎ በገዳሙ ደጅ እየቆመ እናቱ እንድትመለስለት ይጮኽ ነበር። ድምፁም እስከ ውስጥ ድረስ ይሰማት ነበር። ይህች ሴት በምንኵስና ስሟ ማርያም ዘሥጋዌ የተባለችው ማሪ ጉያር ናት።

ማሪ በ1599 ከዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ ተወለደች። በ17 ዓመቷ ለአንድ የሐር ሠሪ ተዳረች፤ ነገር ግን ገና በ19 ዓመቷ ባሏ ሞቶ የስድስት ወር ሕፃንና የከሠረ ንግድ ትቶባት ሄደ። ከዚያም በእኅቷ ባል የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ለብዙ ዓመታት ሠራች። ፈረሶችን፣ ነጂዎችን፣ ጭነቱንና ሒሳቡን የምትቈጣጠር እርሷ ነበረች። ገዳም የዓለምን ሥራ የማያውቁ ሰዎች መጠለያ ለሚመስለው ሁሉ ይህ ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ በኋላ በኬቤክ የሆነውም ያለዚህ ልምድ ባልሆነ ነበር።

ኡርሱላውያን ደናግል በ1535 በኢጣልያ በብሬሻ ከተማ በቅድስት አንጀላ ሜሪቺ የተመሠረተ ማኅበር ናቸው። በፈረንሳይ ከገዳማቸው ሳይወጡ ልጃገረዶችን ያስተምሩ ነበር። ማርያም ዘሥጋዌ ግን ሜይ 4 ቀን 1639 ከሌሎች ሁለት ኡርሱላውያንና ማዳም ደ ላ ፔልትሪ ከተባለችው በጎ አድራጊ መበለት ጋር ከዲየፕ ወደብ ተሳፍራ ኦገስት 1 ቀን ኬቤክ ደረሰች። ሕሙማንን የሚያስታምሙ ሦስት ደናግልም በዚያው መርከብ ነበሩ። ልጇን ከዚያ ወዲያ በዐይኗ አላየችውም።

የመጀመሪያው ቤታቸው በወንዙ ዳር ያለ አንድ ጠባብ ቤት ነበር። ወዲያው ፈንጣጣ ገባ፤ ቤቱም ሕሙማን ሕፃናት ተደራርበው የሚተኙበት ሆነ። እንግዶች ሲመጡ ደግሞ በትልቅ ድስት የበቆሎ ዱቄት፣ ፕሪም፣ ዳቦና የቀለጠ ሞራ አብረው ቀቅለው ያቀርቡ ነበር። ለፈረንሳዮቹ እንግዳ የሆነ ምግብ ቢሆንም ለአገሩ ሰዎች የክብር ግብዣ ነበርና።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ትምህርቷ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ሲሆናት ከኢየሱሳውያን ካህናት የአልጎንኪንንና የሞንታኜን ቋንቋ መማር ጀመረች፤ ሁሮንንና ኢሮኳንም ጨመረች። በእነዚህ ቋንቋዎች መዛግብተ ቃላትና ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጀች፤ በእርጅናዋም ወጣት ደናግልን ቋንቋዎቹን ታስተምር ነበር። አስተማሪዋ አስቀድማ የተማሪዎቿ ተማሪ ሆነች ማለት ይቻላል።

የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ልጃገረዶቹ ፈረንሳውያን እንዲሆኑ በፈለገ ጊዜ ማርያም በ1668 የታዘበችውን ሳትሸሽግ ጻፈች። ከመቶ አንዷ እንኳ እንደዚያ መለወጧ ያጠራጥራል፤ ልጆቹ ወደ ጫካው ይናፍቃሉ፣ በአጥር ዘልለው ይሄዳሉ፣ ወላጆቻቸውም ልጆቻቸው ሲያዝኑ አይወዱም ብላ ገለጠች። በእርግጥ እርሷም የዘመኗን አስተሳሰብ ትጋራ ነበር። ይሁን እንጂ ከብዙ ዘመን በኋላ በካናዳ የነባር ሕዝቦችን ልጆች በግድ ከወላጆቻቸው የለዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያደረሱትን ጉዳት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2022 ወደዚያው ሄደው ይቅርታ የጠየቁበትን በደል ለሚያስታውስ፣ ይህ የ1668 ምስክርነት ቀላል አይደለም።

ዲሴምበር 30 ቀን 1650 ሌሊት ሊጡ በብርድ እንዳይጠነክር ከገንዳው ሥር የተቀመጠ ፍም ገዳሙን አቃጠለ። ደናግሉና ልጆቹ በሌሊት ልብሳቸው በበረዶ ላይ ቆሙ፤ የሞተ ግን አልነበረም። ወደ ፈረንሳይ መመለስን የሚያነሡ ነበሩ፤ ማርያም ግን ተበድራ በዚያው መሠረት ላይ እንደገና አስገነባች፤ የግንቡንም ሥራ ራሷ ተቈጣጠረች። በ1652 ወደ አዲሱ ቤት ገቡ።

ክሎድስ? በ1641 የቤነዲክቶስ መነኵሴ ሆነ። መርከብ የሚመጣው በበጋ ብቻ ስለ ነበር ደብዳቤያቸው በዓመት አንድ ወቅት ይደርስ ነበር፤ እንዲህም ሆኖ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተጻጻፉ። እርሷም ጥላው ስለ ሄደች ይቅርታ ጠይቃዋለች። የነፍሷን ታሪክ በ1654 የጻፈችው እርሱ አጥብቆ ስለ ጠየቃት ነው። አፕሪል 30 ቀን 1672 ባረፈች በአምስተኛው ዓመት የሕይወት ታሪኳን ያሳተመውም ያ በደጅ ያለቅስ የነበረው ልጅ ነው።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1980 ብፅዕት፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2014 ቅድስት ብለው ዐወጇት። ደናግሉ ጦርነትንና የመንግሥት ለውጥን አሳልፈው በአሮጌው ከተማ ባለው ገዳማቸው እስከ 2018 ኖሩ፤ በዚያ ዓመት ዕድሜያቸው የገፋው እኅቶች ወደ ሌላ መኖሪያ ተዛወሩ። መቃብሯ በዚያው በጸሎት ቤቱ አጠገብ ቀርቷል፤ በትምህርት ቤቱም ሕፃናት መማራቸውን አላቋረጡም።