ኤድስኸር ዳይክስትራ፦ ማሽን ከስሕተት የሚመለስበትን መንገድ ያመለከቱ ሊቅ

በሻርቅ ከሚገኝ ባንክ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ አያልፍም። አንዱ ከላኪው ሒሳብ ይቀንሳል፣ ሌላው መልእክቱን ያስተላልፋል፣ ሌላው ደግሞ ለተቀባዩ ይመዘግባል። ከመካከላቸው አንዱ ቢቋረጥ፣ የተቀነሰው ገንዘብ መንገድ ላይ እንዳይቀር ሥርዓቱ የጎደለውን መሙላት ወይም የጀመረውን መቀልበስ አለበት። ጎን ለጎን የሚሠሩ ማሽኖች ከስሕተት እንዴት እንደሚመለሱ ቀድመው ካሰቡ ሊቃውንት መካከል ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ይገኙበታል።

ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1930 በሮተርዳም ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ፣ እናታቸው የሒሳብ ሰው ነበሩ። በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል የፕሮግራም ሥራ ጀመሩ። ሙያው ገና ያልታወቀ ስለነበር በ1957 ሲያገቡ የከተማው መዝገብ ቤት ሳይቀበለው ቀረ፤ በሰነዱም ላይ የፊዚክስ ሊቅ ተብለው ተጻፉ። በ1959 ያሳተሙት አጭሩን መንገድ የመፈለጊያ ስልት ስማቸውን አስጠራ።

ከ1962 ጀምሮ በአይንድሆቨን ሲያስተምሩ ብዙ ሥራዎች በአንድ ጊዜ የሚካሄዱበትን የኮምፒውተር ሥርዓት ከባልደረቦቻቸው ጋር ገነቡ። ሥራዎቹ አንዱን ዕቃ ሲሻሙ እንዳይጋጩ ሴማፎር የተባለውን የተራ ማስጠበቂያ አበጁ። በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ።

ስለ ስሕተት ያላቸው ጥልቅ ሐሳብ የወጣው በ1974 ባሳተሙት ሁለት ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ ነው። ቡና የማፍላት ተራ በክብ የሚዞርባቸውን ጎረቤታሞች እናስብ። እያንዳንዱ የሚያየው የጎኑን ቤት ብቻ ነው። በአንድ ቀን ሦስት ቤቶች ተረኛ ነን ቢሉ የሚዳኝ አለቃ የለም። ዳይክስትራ ለማሽኖች ያወጡት ደንብ ግን፣ ግርግሩ ከየትም ይነሣ፣ ከተወሰኑ እርምጃዎች በኋላ ተረኛው አንድ ብቻ እንዲሆንና እንደዚያው እንዲጸና የሚያደርግ ነበር። እያንዳንዱ ማሽን ጎረቤቱን አይቶ ራሱን ያርማል።

ጽሑፉ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ትኩረት አላገኘም፤ በ1983 ሌስሊ ላምፖርት በንግግራቸው አንሥተው ታላቅነቱን እስኪመሰክሩለት ድረስ ጥቂቶች ብቻ ያውቁት ነበር። በዚህ መካከል ቶኒ ሆር በ1978፣ ሮቢን ሚልነር በ1980 የሂደቶችን ግንኙነት በሒሳብ ምልክት የሚገልጹ ስሌቶችን አወጡ፤ ሆርም ከዳይክስትራ የትእዛዝ አጻጻፍ ተውሰዋል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በእነዚህ ስሌቶች ላይ ማካካሻን ጨመሩ፦ እያንዳንዱ እርምጃ መቀልበሻው አብሮት ይጻፋል፤ ሥራው ቢከሽፍ የተፈጸሙት እርምጃዎች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቀለበሳሉ። መንገድ ላይ የተቋረጠ ገንዘብ ወደ ላኪው የሚመለስበትን አካሄድ በወረቀት ላይ አስቀድሞ መመርመር የሚቻለው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

ዳይክስትራ ከ1984 እስከ 1999 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የኮምፒውተር ሊቅ ቢሆኑም ከ1,300 የሚበልጡ ማስታወሻዎቻቸውን በአብዛኛው በብዕር ነበር የጻፉት። የ1974ቱ ጽሑፋቸው በ2002 ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 6 ቀን በኑነን በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። በቀጣዩ ዓመት ሽልማቱ ራሱ በስማቸው ተሰየመ።