መብረቅን መንገድ ያሳየው ቤንጃሚን ፍራንክሊን

ነጐድጓድ ሲያስገመግም ከትልቅ ዛፍ ሥር እንዳንጠለል አባቶቻችን ይመክሩን ነበር። መብረቅ ከፍ ያለውን እንደሚመርጥ በኑሮ ያወቁት ነገር ነው። ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት ከዚሁ አደጋ የሚድንበትን ዘዴ ለሰው ልጅ ያበረከተው አሜሪካዊው ሊቅ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለሆነ፣ ታሪኩን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍራንክሊን በጥር ወር 1706 በቦስቶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚኖር የ17 ልጆች አባት ስለነበረ፣ ልጁን ከሁለት ዓመት በላይ ሊያስተምረው አልቻለም። ብላቴናውም በ12 ዓመቱ የማተሚያ ሥራ ለመማር ከታላቅ ወንድሙ ዘንድ ገባ፤ ነገር ግን ስላልተስማሙ በ1723 ኮብልሎ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። በዚያም ጋዜጣና የዘመን መቁጠሪያ እያተመ ሀብት አፈራ፤ ዕድሜው 42 ሲሆን ሥራውን ለባልደረባው ትቶ ጊዜውን ለምርምር ሰጠ።

በዚያን ዘመን ኤሌክትሪክ መደነቂያና መጫወቻ እንጂ ጥቅሙ የታወቀ አልነበረም። ፍራንክሊን ግን መብረቅና ኤሌክትሪክ አንድ መሆናቸውን ጠረጠረ። በግንቦት 1752 ፈረንሳዮች እርሱ ባሰበው ዘዴ ረዥም የብረት ዘንግ አቁመው ከደመናው ብልጭታ አገኙ። በሰኔም እርሱ ራሱ በክር ታስሮ በነፋስ የሚንሳፈፍ የሐር ጨርቅ ወደ ደመናው ለቆ፣ ከክሩ ጋር ከታሰረው ቁልፍ ብልጭታ ተቀበለ። እጁ የያዘው ግን ደረቅ የሐር ጥብጣብ ነበር።

ወዲያውም የዘንጉን አተካከል ሁሉም እንዲጠቀምበት በዘመን መቁጠሪያው አሳተመ። ይኸውም አንዱ ጫፍ ከቤቱ አናት 6 ወይም 8 ጫማ ከፍ እንዲል፣ ሌላው ጫፍ 3 ወይም 4 ጫማ ያህል በእርጥብ መሬት እንዲቀበር ነው።

የምሥጢሩ ቁልፍ ይኸው የተቀበረው ጫፍ ነው። በነሐሴ 1753 በሴንት ፒተርስበርግ ፕሮፌሰር ሪችማን የደመናውን ኃይል ለመለካት ከጣሪያው ወደ ቤቱ ያስገባው ዘንግ ከመሬት ጋር አልተገናኘም ነበር። ወደ መለኪያው ቀረብ ሲል መብረቁ ግንባሩን መትቶ ገደለው። መሬት ሲነካ የሚያድነው ብረት፣ መሬት ሳይነካ ሲቀር ገዳይ ሆነ።

ፍራንክሊን በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታትም አገሩን በፈረንሳይ ወክሎ ኖረ። በ1785 ተመልሶ ቤቱን ሲያስፋፋ የራሱን ዘንግ ቢያስወርድ፣ 9 ኢንች የነበረው የመዳብ ጫፍ ቀልጦ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት አገኘው። ቤቱ አስቀድሞ በመብረቅ ተመትቶ ነበር፤ ዘንጉ ግን ከጉዳት አድኖታል። በሚያዝያ 1790 በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ የሚገጠመው፣ ከመጠን ያለፈ ኃይልን የሚከላከለው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ትርፉን ኃይል ወደ መሬት ይመልሳል፤ የመሬቱ ሽቦ ከላላ ግን ከንቱ ነው። እንደ ፍራንክሊንም መዳብ በየምቱ ስለሚዳከም፣ በየጊዜው ሊመረመርና ሲያልቅ ሊለወጥ ይገባዋል። ይህንንም ኃይሉን አጥፍቶ የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይፈጽመው።

እንግዲህ ሥራ ለመረከብ የምትቀርብ ወጣት ሹም ሆይ፤ በጣሪያው ላይ የሚያብለጨልጨውን ጫፍ ብቻ አይተህ አትፈርም። በአፈር ውስጥ የተሰወረውንም አስመርምር፤ ቤቱንም በውስጡ ያሉትንም ሰዎች የሚያድነው እርሱ ነውና።