ሕግ ያለው ጨዋታ፦ የቫዮላ ስፖሊን ሕይወትና ሥራ

በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ፣ ኖርዝ ዌልስ በተባለው ጎዳና፣ ቀድሞ የልብስ ንጽሕና መስጫ በነበረ ቤት ውስጥ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1959 አንድ አነስተኛ ቴአትር ቤት ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተመልካቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እየጠጣ የሚያይበት፣ በመድረኩም ላይ ከጥቂት ወንበሮችና ከአንድ ፒያኖ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ የማይታይበት ቤት ነበር። መሥራቾቹ ፖል ሲልስ፣ በርናርድ ሳሊንስና ሃዋርድ አልክ ሰከንድ ሲቲ፣ ማለትም ሁለተኛዪቱ ከተማ፣ ብለው ሰየሙት። ስሙ የተወሰደው ሊብሊንግ የተባለ የኒውዮርክ ጸሐፊ ቺካጎን እያቃለለ ካወጣቸው ጽሑፎች ነው፤ ወጣቶቹ ስድቡን አንሥተው ስማቸው አደረጉት።

ይህ ቤት ከጊዜ በኋላ የአሜሪካንና የካናዳን የቀልድ ቴአትር መልክ የለወጠ ተቋም ሆኗል። ይሁን እንጂ ተዋንያኑ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ጥናት፣ በመድረክ ላይ ቆመው ጭውውት ለመፍጠር የቻሉበት ዘዴ የተወለደው በቴአትር ቤት አልነበረም። የተወለደው ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በስደተኞች ሠፈር፣ በልጆች ጨዋታ መካከል ነው። ዘዴውን ያበጀችውም የፖል ሲልስ እናት ቫዮላ ስፖሊን ናት።

ቫዮላ ኖቬምበር 7 ቀን 1906 በቺካጎ ተወለደች። ወላጆቿ ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁዳውያን ነበሩ። ስፖሊን የሚለውን ስም ያገኘችው ዘግይቶ፣ ከሁለተኛ ጋብቻዋ ነው። በ1924፣ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ ሃል ሃውስ በተባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ማእከል በኔቫ ቦይድ ሥር መማር ጀመረች። ሃል ሃውስን በ1889 ያቋቋሙት ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር ናቸው። አዳምስ በ1931 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተካፈለችዋ ሴት ናት። ማእከሉ ጣሊያኑ፣ ግሪኩና አይሁዱ ተጨናንቆ በሚኖርበት የሠራተኛ ሠፈር መካከል ቆሞ፣ ለመጤው ሕዝብ ቋንቋ፣ ሙያና መዝናኛ በአንድነት ይሰጥ ነበር።

ኔቫ ቦይድ ጨዋታን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ አትቆጥረውም። ጨዋታ ለእርሷ ሰው ከሰው ጋር መኖርን የሚማርበት ዋና ትምህርት ቤት ነው። ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አኩኩሉ የሚጫወት ልጅ ዓይኑን የሚጨፍነው የሚቀጣው አዋቂ ስላለ አይደለም፤ ካልጨፈነ ጨዋታው ስለሚፈርስ ነው። ሕጉን በገዛ ፈቃዱ ይቀበላል፤ ከተቀበለም በኋላ በሕጉ ውስጥ እንደ ልቡ ይሮጣል። ቫዮላ ከመምህሯ የወሰደችው ይህንን አንድ ሐሳብ ነው፤ ቀሪውን ዕድሜዋን በሙሉ የሠራችውም በዚሁ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐሳቡ በሥራ የተፈተነው ከኢኮኖሚው ቀውስ ዓመታት በኋላ ነው። የፕሬዚደንት ሩዝቬልት መንግሥት ሥራ ላጣው ሕዝብ ሥራ ለማስገኘት ካቋቋማቸው ድርጅቶች አንዱ ደብልዩ ፒ ኤ ይባል ነበር። በዚህ ድርጅት የቺካጎ የመዝናኛ ክፍል ስፖሊን በ1939 የድራማ ተቆጣጣሪ ሆና ተመደበች። ከፊቷ የቆሙት ተማሪዎች የድሀ ሠፈር ልጆችና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ጎልማሶች ነበሩ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ በሚገባ አይሰማም። የተጻፈ ተውኔት አጥንቶ የሚያቀርብ ጥቂት ነው። ልጁን አሁን እንዳዘነ ሰው ሁን ብለው ቢያዙት ደርቆ ይቀራል፤ ወይም የሲኒማ ተዋናይ ሲያደርግ ያየውን ይቀዳል። በየመድረኩ ላይ ተጠግቶ መናገርን የሚያፍር፣ እጁን የት እንደሚያደርግ የሚጨነቅ ብዙ ነው።

ስፖሊን ለነዚህ ችግሮች ምክር አልሰጠችም። ለእያንዳንዱ ችግር አንድ ጨዋታ ፈለሰፈች። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መራራቃቸውን ስታይ፣ ማንም ሰው ባልደረባውን በሆነ መንገድ ሳይነካ አንዲት ቃል እንዳይናገር የሚያስገድድ ሕግ ደነገገች፤ የሚቀጥለውን ቃል ለመናገርም አዲስ የመንካት መንገድ መፈለግ ግድ ነው። ከዚህ በኋላ ተዋናዩ ስለ እጁ መጨነቁን ይረሳዋል። ባልደረባውን በጥንቃቄ የማያይ ሰው ሲያጋጥም የመስተዋቱ ጨዋታ አለ፦ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው እንደ መስተዋት ይከተለዋል፤ ቆይቶ ተራ ይለዋወጣሉ፤ በመጨረሻም መሪው ማን፣ ተከታዩ ማን እንደሆነ ራሳቸውም መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ይዋሐዳሉ። በቃል ብቻ ለሚመካው ደግሞ ትርጉም በሌለው ድምፅ ብቻ ተናግሮ ሐሳቡን እንዲያስረዳ ይታዘዛል። ይህ የመጨረሻው ጨዋታ ቋንቋ ለማይግባቡት ስደተኞች ምን ያህል እንደጠቀመ መገመት አያዳግትም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እኩል ሆኑ።

ሌላው የዘዴዋ ምሰሶ ቦታን ከባዶ መፍጠር ነው። በሌለ ኳስ መቀባበል፣ የሌለ በር ከፍቶ መግባት፣ ባልተሠራ ወጥ ቤት ውስጥ የማይታይ ድስት አንሥቶ ማስቀመጥ። ተጫዋቹ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለና ምን እንደሚያደርግ በአፉ ሳይገልጥ ማሳየት ይጠበቅበታል። ታሪኩን አስቀድሞ መፈብረክ ግን ክልክል ነው። ስፖሊን ከዳር ቆማ፣ ልክ እንደ እግር ኳስ አሠልጣኝ፣ ጨዋታውን ሳታቆም አጭር ቃል ትወረውራለች። ቃሉ ትችት አይደለም፤ ተጫዋቹን ወደ ተሰጠው የትኩረት ነጥብ የሚመልስ ነው። አእምሮ አንድን ግልጽ ችግር ለመፍታት ሲጠመድ ፍርሃት ቦታ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ተጫዋቹንም ያስገርመዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እንደ ዋና ጠላት የምትቆጥረው ነገር ነበር፤ እርሱም የሰው ይሁንታና ነቀፌታ ነው። ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጎበዝ ሲባል ደስ እያለው፣ ባለጌ ሲባል እያፈረ ያድጋል፤ በመጨረሻ በገዛ ዓይኑ ማየቱን ትቶ በሌሎች ዓይን ራሱን መመልከት ይለምዳል። ስፖሊን ይህ ልማድ የፈጠራን ኃይል እንደሚያሽመደምድ ታምን ነበር። ስለዚህ በትምህርቷ ውስጥ ጥሩ ሠራህ፣ መጥፎ ሠራህ የሚል ፍርድ ቦታ የለውም። ከጨዋታው በኋላ የሚጠየቀው ችግሩ ተፈታ ወይስ አልተፈታም የሚለው ብቻ ነው። ለምህንድስና ባለሙያ ይህ እንግዳ አነጋገር አይደለም፤ ለቴአትር ሰው ግን እጅግ የከበደ ነው፤ ተዋናይ የሚኖረው በጭብጨባ ነውና። ይህ ቅራኔ ቆይቶ በገዛ ልጇ ቴአትር ቤት ውስጥ ብቅ አለ።

በ1946 ስፖሊን ወደ ሆሊውድ ሄዳ የልጆች የቴአትር ጓድ አቋቋመች። ስድስት ዓመት የሞላቸው ሳይቀሩ በዚያ ሠለጠኑ። እስከ 1955 ድረስ ቆየች።

በዚያው ዘመን ልጇ ፖል በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ቴአትር ይሠራ ነበር። ዴቪድ ሼፐርድ የተባለ ባልደረባው የጣሊያንን የጥንት የአደባባይ ኮሜዲ የመሰለ፣ የዕለቱን ኑሮና ፖለቲካ የሚያንጸባርቅ፣ ተራው ሕዝብ የሚያዘወትረው ቴአትር ማቋቋም ይመኛል። ሐሳብ ነበረው፤ ያለ ጽሑፍ ተናግሮ የሚያድር ተዋናይ ግን አልነበረውም። ፖል የእናቱን ጨዋታዎች አመጣ። ጁላይ 5 ቀን 1955 ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ ቡና ቤት ውስጥ ኮምፓስ የተባለው ጓድ ሥራ ጀመረ፤ ስፖሊንም ከካሊፎርኒያ መጥታ ተዋንያኑን አሠለጠነች። ማይክ ኒኮልስና ኢሌን ሜይ ጥምረታቸውን የጀመሩት በዚህ ጓድ ነው። ኮምፓስ በቺካጎ ብዙ አልቆየም፤ ከአራት ዓመት በኋላ የተከፈተው ሰከንድ ሲቲ ግን የእርሱ ልጅ ነው።

የሰከንድ ሲቲ አሠራር ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ የተጠኑ አጫጭር ጭውውቶችና ዘፈኖች ይቀርባሉ። ከዚያ በኋላ ተዋንያኑ ከተመልካቹ አንድ ቦታ፣ አንድ ሙያ ወይም የዕለቱን ወሬ ይጠይቁና እዚያው በዚያው ጭውውት ይፈጥሩበታል፤ በአገራችን ጠጅ ቤት አዝማሪው ከታዳሚው አፍ ግጥም ተቀብሎ በማሲንቆው እንደሚያዜመው ማለት ነው። ሌሊት በድንገት ከተፈጠሩት መካከል ያማረው ይመረጣል፤ ይከለሳል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይሞከራል፤ በመጨረሻም በሚቀጥለው ዝግጅት ከተጠኑት ጭውውቶች ጋር ይገባል። ያለ ደራሲ አዲስ ቴአትር የሚሠራበት ይህ መንገድ ዋጋው ቀላል አይደለም። ተመልካቹ ራሱ የሙከራው ተካፋይ ነው።

ነገር ግን ያማረው የሚለካው በምንድን ነው? በሳቅ ነው። በስፖሊን ጨዋታ ሳቅ ቢመጣ የሚጠላ አይደለም፤ ሳቅን ፈልጎ ቀልድ ጣል ማድረግ ግን ጨዋታውን እንደ መስበር ይቆጠራል። በቴአትር ቤቱ በኩል ደግሞ ትኬት ገዝቶ የገባ ሰው አለ። ሳሊንስ በድንገት መፍጠርን ጥሩ ጭውውት ማውጫ መሣሪያ እንጂ ራሱን የቻለ ትርኢት አድርጎ አልተቀበለውም። ከኮምፓስ ጀምሮ የነበረው ዴል ክሎስ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው ብሎ እስከ ሞተበት እስከ 1999 ድረስ ተከራክሯል። ሳሊንስን መውቀስ አይቻልም፤ ቤቱ በየሳምንቱ የሚከፈል ደመወዝ ነበረበትና። ሆኖም ሁለቱም የተሟገቱት ስለ ትርኢት ነው። ስፖሊን የጠየቀችው ስለ ተጫዋቹ ነበር፤ ይህ ሰው ከፍርሃቱ ተላቀቀ ወይስ አልተላቀቀም? በዚህ ጥያቄ ላይ ክርክሩ ብዙም አልተመለሰም።

እናትና ልጅ ለጥያቄው የራሳቸውን መልስ ሞክረዋል። በ1965 ፖል ሲልስና ስፖሊን በቺካጎ የጨዋታ ቴአትር የተባለ ቤት ከፈቱ። በዚያ ተመልካች ሆኖ መጥቶ ተጫዋች ሆኖ መሄድ ይቻላል፤ መድረኩ ለሁሉም ክፍት ነው። ቤቱ ከጥቂት ወራት በላይ አልዘለቀም። የተጠናው ጭውውት ገበያ ሲደራለት፣ ለሁሉም ክፍት የሆነው ጨዋታ ከሰረ።

ሥራዋን ከመጥፋት ያዳነው መጽሐፏ ነው። በ1963 ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ከ200 በላይ ጨዋታዎች ይዟል። አጻጻፉ ስለ ቴአትር ከሚጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይለያል። ለየጨዋታው የትኩረት ነጥቡ፣ አሠራሩ፣ መምህሩ ከዳር ሆኖ የሚጥላቸው ቃላት፣ ከጨዋታው በኋላ የሚቀርቡት ጥያቄዎችና ማስታወሻዎች በተራ ተቀምጠዋል፤ ስፔሲፊኬሽን ለማንበብ ለለመደ ዓይን የታወቀ መልክ ነው። ደራሲዋን አይቷት የማያውቅ መምህር፣ በማያውቀው ክፍል ውስጥ፣ ሥራውን እንዲሠራ ታስቦ የተጻፈ ነው። ከተዋንያን ማሠልጠኛ አልፎ በትምህርት ቤቶች፣ በማኅበራዊ አገልግሎትና በአእምሮ ሕክምና ሠራተኞች ዘንድ የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታት የጸጥታ ናቸው። በ1970 ልጇ ያዘጋጀው የተረት ቴአትር በብሮድዌይ ሲታይ አማካሪ ነበረች፤ በልጅነቱ በሆሊውድ ያስተማረችው ፖል ሳንድ በዚሁ ቴአትር በ1971 የቶኒ ሽልማት አገኘ። በ1976 በሆሊውድ የቴአትር ጨዋታ ማእከል ከፈተች። በ1979 ኢስተርን ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። በ1985 ለልምምድ፣ በ1986 ደግሞ ለመማሪያ ክፍል የሚሆኑ መጻሕፍቷ ወጡ።

በነዚሁ ዓመታት ሰከንድ ሲቲ በ1973 በቶሮንቶ ቅርንጫፍ አቋቁሞ ነበር፤ በ1975 በቴሌቪዥን የጀመረው ሳተርደይ ናይት ላይቭ ደግሞ ጆን ቤሉሺን፣ ጊልዳ ራድነርንና ዳን አክሮይድን ከዚያው ቤት ወስዶ በመላ አሜሪካ አሳወቃቸው። ቅዳሜ ማታ የሚስቀው ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ቫዮላ ስፖሊንን የሚያውቃት ግን በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ነበር።

ኖቬምበር 22 ቀን 1994 በሰማንያ ስምንት ዓመቷ በሎስ አንጀለስ አረፈች። በ1999 መጽሐፏ ለሦስተኛ ጊዜ ተሻሽሎ ታተመ። ፖል ሲልስ ከሰከንድ ሲቲ አመራር ከራቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር ቤይሊስ ሃርበር በሚገኘው እርሻው ከባለቤቱ ጋር የእናቱን ጨዋታዎች ሲያስተምር ቆይቶ በ2008 ሞተ።