የዴንማርክን የወተት ከብት በሲሪንጅና በቴርሞሜትር የለዩት ሐኪም

በዴንማርክ ምዕራባዊ ክፍል ዬዲንግ በምትባል ሥፍራ የሚኖሩ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1882 በአገራቸው የመጀመሪያውን የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነበር። አባላቱ ወተታቸውን በየዕለቱ ያመጣሉ፤ ወተቱ በአንድ ላይ ተቀላቅሎ በማሽን ክሬሙ ይለያል፤ ከክሬሙ ቅቤ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ቅባቱ የወጣለት ወተት ደግሞ ለጥጃና ለአሳማ ቀለብ እንዲሆን ለአባላቱ ይመለሳል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህን የመሰሉ ማኅበራት በመላው ዴንማርክ ተስፋፉ፤ የዴንማርክ ቅቤም በእንግሊዝ ገበያ ስም አገኘ።

ነገር ግን ከወተቱ ጋር በሽታም አብሮ ይቀላቀል ነበር። በአንድ አባል በረት ውስጥ አንዲት በከብት ሳንባ ነቀርሳ ግቷ የተመታ ላም ካለች፣ ከእርሷ የታለበው ወተት ከሌላው ጋር ተደባልቆ በማግሥቱ ወደ ብዙ አባላት ጥጆች አፍ ይደርሳል። ገበሬውን የጠቀመው ኅብረት በሽታውንም የሚያከፋፍል መንገድ ሆነ። ይህን በግልጽ አውጥተው ካሳዩትና መፍትሔ ካበጁለት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዶክተር በርንሃርድ ባንግ ናቸው።

ባንግ እ.ኤ.አ. በ1848 ሶሮ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1872 የሰው ሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ በተከታዩ ዓመት የእንስሳት ሕክምናውን ጨመሩበት። ሁለቱን ሙያ አንድ ላይ መያዛቸው በኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ መሠረት ሆኗል። ከ1880 ጀምሮ በኮፐንሃገን በሚገኘው የንጉሣዊው የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አስተማሩ።

በዚያ ዘመን የከብት ሳንባ ነቀርሳን መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የታመመች ላም ለብዙ ጊዜ ትበላለች፣ ትታለባለች፣ ትወልዳለች። ሐኪሙ ደረቷን ቢያዳምጥም ገና የጀመረውን በሽታ አያገኘውም። ገበሬው የሚያውቀው ስትከሳና ስትስል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጎረቤቶቿን አዳርሳለች።

ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1890 ቲዩበርኩሊን የተባለውን ፈሳሽ ለሰው ሳንባ ነቀርሳ ፈውስ ነው ብለው አወጡት። ለፈውስነት አልሆነም፤ ብዙ ተስፋም ተቆረጠበት። ለከብት ግን ሌላ ጥቅም ተገኘለት። በሽታው ያለበት ከብት ፈሳሹን ከቆዳው ሥር ሲወጋ ከሰዓታት በኋላ ይተኩሳል፤ ጤነኛው ግን እንደነበረ ይቆያል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሲሪንጅና ቴርሞሜትር ብቻ ነበር። ሐኪሙ ከመውጋቱ በፊት የከብቱን ሙቀት ይለካል፤ ከወጋ በኋላ ደግሞ በየጥቂት ሰዓቱ በፊንጢጣ እየለካ ይመዘግባል። ሥራው ሌሊትንና ቀንን የሚያገናኝ፣ ትዕግሥት የሚፈልግ ነው። ምርመራው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። በሽታው እጅግ የጸናባት ላም አንዳንድ ጊዜ ሳትተኩስ ትቀራለች፤ ስለዚህ የሐኪሙ ዓይንና ጆሮ ከሥራ ውጪ አልሆኑም።

ባንግ እ.ኤ.አ. በ1892 ቱሬቢሊሌ በተባለ እርሻ ላይ ሥራቸውን ጀመሩ። በዚያ መንጋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከብት ተኮሰ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁሉንም ማረድ ለገበሬው ኪሳራ ነው፤ ሁሉንም ማቆየት ደግሞ በሽታውን ማቆየት ነው። ባንግ መካከለኛውን መንገድ መረጡ። በረቱ በግድግዳ ለሁለት ተከፈለ፤ የተኮሱት በአንድ ወገን፣ ጤነኞቹ በሌላው ወገን ሆኑ፤ ለየወገኑም የተለየ ጠባቂ ተመደበ። የታመመችው ላም ጥጃ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ እንደሚወለድ ባንግ ተገንዝበው ስለነበር ጥጃው ወዲያው ከእናቱ ተነጥሎ በተፈላ ወተት ያድጋል። ጤነኞቹ በየጊዜው እንደገና ይመረመራሉ፤ የሚተኩስ ከተገኘ ወደ ወዲያኛው ይዛወራል። በዚህ ዓይነት የታመሙት በዕድሜና በሽያጭ እያለቁ፣ ንጹሑ መንጋ እየበዛ ይሄዳል።

ለገበሬው ቀላል ትእዛዝ አልነበረም። ወፍራም፣ ወተቷ የበዛ ላም በቴርሞሜትር ንባብ ብቻ በሽተኛ ናት መባሏን መቀበል ይከብዳል። ስለዚህ መንግሥት ከ1893 ጀምሮ የምርመራውን ወጪ ሲሸፍን ግዴታ አኖረበት፦ ነጻ ምርመራ የሚያገኘው የተኮሱትን ከጤነኞቹ ለመለየት ቃል የገባ ገበሬ ነው።

የማኅበራቱም ተራ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው ሕግ ለእንስሳት ቀለብ የሚመለሰው ወተትና አሬራ አስቀድሞ እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ አስገደደ። መሞቁንስ ማን ያረጋግጣል? በዚያው ጊዜ ቪልሄልም ስቶርክ የተባሉ ዴንማርካዊ ኬሚስት አንድ መላ አገኙ። በወተቱ ላይ ሁለት ኬሚካሎች ጠብ ሲደረጉበት ያልሞቀው ሰማያዊ ይሆናል፤ በሚገባ የሞቀው ግን ቀለሙን አይለውጥም። ተቆጣጣሪው የሥራ መሪውን ቃል ከማመን ዳነ።

ባንግ በዚህ ብቻ አላበቁም። ላሞችን በተከታታይ የሚያስወርደው በሽታ ምንጩ ምን እንደሆነ ባልታወቀበት ጊዜ፣ ከረዳታቸው ከስትሪቦልት ጋር የታመመች ላም ገዝተው አርደው ማኅፀኗን መረመሩ። ያገኙትን ረቂቅ ተሕዋስ በመስታወት ቱቦ ሲያሳድጉት ከላይ ሳይሆን ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ በቀጭን መስመር በቀለ፤ ብዙ አየር እንደማይስማማው ከዚህ ተረዱ። ወደ ጤነኛ እርጉዝ ከብቶች ሲያስገቡትም በሽታው ያዛቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1897 ታትሞ ወጣ። ብሩሴሎሲስ የምንለው ይኸው ነው፤ በብዙ አገሮች ግን ለረጅም ዘመን የባንግ በሽታ ይባል ነበር። ሰውንም ይይዛል፤ ባልተፈላ ወተትና የወረደውን ጽንስ ወይም የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ በመንካት ይተላለፋል።

ሁለቱም በሽታዎች በአገራችን የወተት ላሞች ላይ፣ ነቀርሳው በተለይ በዲቃላዎቹ ላይ ተገኝተዋል። ቲዩበርኩሊንም እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ የተለወጠው አለካኩ ነው። አሁን የአንገት ፀጉር ተላጭቶ ፈሳሹ በቆዳው ውስጥ ይወጋል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው ውፍረት በመለኪያ ይነበባል፤ ሐኪሙም ሌሊቱን በረት ውስጥ ማደር ቀርቶለታል።

ባንግ እ.ኤ.አ. በ1932 በ84 ዓመታቸው አረፉ። በዚያን ጊዜ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። የዴንማርክ መንጋ ከሳንባ ነቀርሳ የጸዳው እርሳቸው ካረፉ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።