ጡብ ቆጣቢው አርክቴክት፦ ሎሪ ቤከር

አርክቴክት ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በመስታወት ያሸበረቀ ፎቅ ነው። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው ግን ስሙን የተከለው በተራ ጡብ ነው።

ሎሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ በርሚንግሃም ተወለደ። እዚያው ሥነ ሕንፃ ተምሮ በ1937 ተመረቀ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ፣ ጦርነትን የሚያወግዘው የኩዌከር እምነት ተከታይ ነውና ጠመንጃ አልያዘም። ከአምቡላንስ ቡድን ጋር ቻይና ሄዶ ሕሙማንን ረዳ።

ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ እስኪያገኝ ቦምቤይ ላይ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ሕይወቱን የቀየረው ይሄ መዘግየት ነው። እዚያ ማህተማ ጋንዲን አገኘ። ጋንዲ መጀመሪያ ልብ ያሉት ጫማውን ነበር ይባላል፤ ቤከር ከቁርጥራጭ ጨርቅ በእጁ የሠራው ነበር። ወደ ህንድ እንዲመለስ አበረታቱት። ቤት መሠራት ያለበት በአካባቢው በሚገኝ ነገር ነው የሚለው የጋንዲ ሐሳብም ዕድሜ ልኩን አልተለየውም።

በ1945 ተመልሶ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቆያዎችን ወደ ሆስፒታል መቀየር ጀመረ። በ1948 ኤልሳቤጥ ጄኮብ የተባለች የኬረላ ተወላጅ ሐኪም አገባ። ለጫጉላ ጊዜ ሂማላያ ውስጥ ወዳለችው ፒቶራጋር ሄዱ። ታዲያ የአካባቢው ሰው ሐኪም መሆኗን ሲሰማ በሽተኛ ይዞ ይመጣ ጀመር። ለሽርሽር የሄዱት ባልና ሚስት 16 ዓመት ያህል ቆዩ!

ቤከር ዋናውን ትምህርት የቀሰመው እዚህ ነው ማለት እንችላለን። የተማረው ስለ ብረትና ኮንክሪት ነው፤ ተራራው ላይ ያለው ግን ድንጋይ፣ ጭቃና እንጨት። የመንደሩ ቤት ደግሞ ብርዱንም ዝናቡንም በደንብ ይችላል። የገጠር ግንበኛ እውቀት ለዘመናት እየተፈተነ የመጣ መሆኑን አየ።

በ1960ዎቹ ወደ ኬረላ ወርዶ ያንን በጡብ ላይ አዋለው። ጡቡን በጠባብ ጎኑ አቁሞ ይደረድርና መሃሉን ባዶ ይተወዋል። ሩብ ያህል ጡብ ይተርፋል፤ ባዶው ቦታም ሙቀት ይከላከላል። ሶሌታ ላይ ኮንክሪቱ ብዙ ሥራ በሌለው በታችኛው በኩል የጣራ ሸክላ ይከትበታል፤ ሲሚንቶም ፌሮም ይቀንሳል። መስኮት ውድ ነው፤ ስለዚህ ጡቡን እያራራቀ ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ ግድግዳ ይሠራል። ልስን የለም፣ ቀለም የለም። ዛፍ ካጋጠመው ግድግዳው ዞሮ ያልፋል እንጂ ዛፉ አይቆረጥም።

ከባዱ ነገር ግንባታው አልነበረም፤ ያልተለሰነ ቤት የድሃ ቤት ነው የሚለው አመለካከት ነበር። ቤከር መልስ የሰጠው በሥራው ነው። በትሪቫንድረም የልማት ጥናት ማዕከልን፣ የሎዮላን ጸሎት ቤትና የፑንቱራን ዓሣ አጥማጆች ቤቶች በዚያው በቁጠባ መንገዱ ሠራ። ለምሁሩ የሚበቃ ጡብ ለዓሣ አጥማጁ አያንስም፤ ለዓሣ አጥማጁ የሚበቃውም ለምሁሩ አያሳፍርም።

ይሄ አሠራር ግን አንድ ዋጋ ያስከፍላል፦ አርክቴክቱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ፕላን ብቻ መሸጥ አይችልም። ቤከር ቦታው ድረስ እየሄደ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይነድፍ፣ ከግንበኞቹ ጋር ይውል ነበር።

በ1989 የህንድ ዜግነት አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የአገሪቱን የክብር ሽልማት ተቀበለ። ኤፕሪል 1 ቀን 2007 በ90 ዓመቱ ትሪቫንድረም ውስጥ አረፈ። የኖረባት ቤትም በዚያው ባልተለሰነ ጡብ፣ ከወዳደቀ ዕቃ ጭምር በራሱ እጅ የተሠራች ነበረች።