የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አጭር የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ለወጣቶች መማሪያ ስለ ሆነ፤ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በአጭሩ ልንጽፍ ወደናል። እሳቸው ዘመናዊ ሕክምናን ተምረው ሐኪም ከሆኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ናቸው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ከእኛ ከራቤል በስተ ሰሜን በሚገኘው በመቅደላ አምባ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ፤ ሕፃኑ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ እርሱም ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ካደጉ በኋላ በላሆር ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ደግሞም በስኮትላንድ ሕክምናንና ቀዶ ጥገናን አጠኑ።

ከአድዋ ድል በኋላ በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሰው ሕመምተኞችን ማከም ጀመሩ። አማርኛው ጠፍቷቸው ነበር። አያታቸው ግን መጥተው፤ በገላቸው ላይ በነበረው የቆየ ጠባሳ የጠፋው ልጃቸው መሆናቸውን አወቁ። ኋላም ዐፄ ምኒልክን አከሙ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜም በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

በእሳቸው ዘመን በሆድ ውስጥ ያለውን በሽታ ለማውጣት ሆድን በሰፊው መቅደድ ግድ ነበር። ዛሬ ግን ላፓሮስኮፒ በሚባለው ጥበብ ሆዱ በጋዝ ይነፋል፤ በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎችም ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ ገብተው የሐሞት ከረጢት ወይም ትርፍ አንጀት ይወጣል። ይህም ሥራ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች እየተስፋፋ ሄዷል። ሕመሙና ጠባሳው ትንሽ ነው፤ ቁስሉ የማመርቀዙ አደጋ ይቀንሳል፤ በሽተኛውም ቶሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የመንዝ ገበሬ በአጨዳ ወራት ለብዙ ሳምንታት ቢተኛ አዝመራውን ማን ይሰበስብለታል?

ነገር ግን መሣሪያ ያለ ሠለጠነ እጅ አይሠራም። ከእኛም መካከል ነገ ሐኪም የሚሆን ይኖራል። ወርቅነህ ቋንቋቸውን እንኳ ረስተው ሳሉ ወደ ወገናቸው ተመለሱ፤ እኛ ቋንቋችንን ሳንረሳ፣ መንገዱንም እያወቅን፣ ከራቤል ወጥተን ብንቀር ምን ምክንያት እናቀርባለን?